ቴርሞስታቱን አውጥተው ጣሉልኝ፤ ዳገት ላይ ግን አሁንም ትሞቃለች

ፎገራ ሜዳ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ወደ ጎንደር የምመላለስባት የናፍጣ ቶዮታ ሃይስ አለችኝ፤ ሞተሯ 5ኤል የሚባለው ነው። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በፊት፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን፣ አዲስ ዘመንን አልፌ ዳገቱን እንደ ጀመርኩ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ መውጣት ጀመረ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ተሳፋሪ አወረድኩ፣ ተለመንኩ፣ ተወቀስኩ። በማግስቱ መኪናዋን ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ሁለት ቡሎን ፈታና ከውስጥ አንዲት የናስ ነገር፣ የሞተሩን ውሃ ሙቀት ይቆጣጠራል የሚባለውን ቴርሞስታት፣ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «ይህ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው። እኛ አገር ውሃ ከማገድ በቀር ሥራ የለውም» ብሎኝ ክዳኑን ባዶውን መልሶ ገጠመው። እኔም ተደስቼ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ግን መኪናዋ ሌላ ጠባይ አመጣች። ጠዋት ስትነሣ ነጭ ጭሷ ቶሎ አይለቃትም። ከሐሙሲት እስከ ወረታ ድረስ መርፌው ከታችኛው መስመር አይነሣም። ለደርሶ መልስ የምትጠጣው ናፍጣም ጨምሯል። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር፤ ዳገቱን ስትጀምር ግን ያው መሞቋ አልቀረም። ፎገራ ሜዳ ላይ እንደ በረዶ፣ አዲስ ዘመን ዳገት ላይ እንደ ምጣድ ናት። ታዲያ ያን ዕቃ ልመልሰው? ወይስ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው? ራዲያተሩን አሳጥቤዋለሁ፣ ቺንጊያው አዲስ ነው።


ካቻቢቴ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ወንድሜ፣ መካኒክህን አልወቅሰውም። እኔም በልጅነቴ ስንቱን ቴርሞስታት አውጥቼ እንደ ጣልኩ ቁጥሩን አላውቀውም። አለቃዬ ያስተማረኝ እንደዚያው ነበር፤ እርሱንም ያስተማረው ሰው እንደዚያው። ስህተቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሙያ ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንነጋገር። መሐሉ ላይ ያየሃት የናስ ብልቃጥ ውስጧ ሰም ነው። ሰሙ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀልጥም ያብጣልና ውስጡ ያለውን ቀጭን ዘንግ ይገፋል። ዘንጉ በክፈፉ ላይ ስለሚደገፍ ወደ ኋላ የምትሸሸው ብልቃጧ ናት። ብልቃጧ ስትሸሽ በሯን ይዛ ትሄዳለች፣ ውሃው ወደ ራዲያተሩ መንገድ ያገኛል። ሲበርድ ሰሙ ይረጋል፣ ሞላው በሩን መልሶ ይዘጋዋል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ሽቦ የለው፤ ሰምና ሞላ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ መካኒክህ ያላየው ነገር። የመኪናህን ቴርሞስታት ገልብጠህ እየው። ከሥሩ ሌላ ትንሽ ክብ ሳህን ታገኛለህ። ያቺ ሁለተኛ በር ናት። ከሞተሩ የሚወጣው ውሃ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ወደ ራዲያተር ሄዶ ቀዝቅዞ የሚመለስበት ረጅሙ ነው፣ ሌላው ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ፓምፑ የሚዞርበት አቋራጭ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ላይኛው በር ይዘጋል፣ አቋራጩ ይከፈታል፤ ውሃው እዚያው ሞተሩ ውስጥ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። ሞተሩ ሲሞቅ ላይኛው ይከፈትና ታችኛዋ ሳህን ወርዳ አቋራጩን ትደፍናለች። ያን ጊዜ ውሃው በሙሉ ወደ ራዲያተር ለመሄድ ይገደዳል።

ዕቃው ሲወጣ ሁለቱም በሮች ክፍት ይቀራሉ። ውሃ ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ አቋራጭ ይወዳል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ብዙ ስለማይለፋ በረጅሙ መንገድ የሚሄደው ጥቂት ውሃ ለማቀዝቀዝ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል። ዳገት ላይ፣ 2ኛ ማርሽ ላይ፣ ሰው ሞልቶ፣ የፊት ነፋስ በሌለበት ግን እያንዳንዱ ሊትር ውሃ ራዲያተር ውስጥ ማለፍ ነበረበት። የአንተ ውሃ ግማሽ መንገድ እየሄደ በትኩሱ ይመለሳል። ቶዮታ ራሱ በጥገና መመሪያዎቹ ላይ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ሙቀት ቢያስቸግር ቴርሞስታቱን ማውጣት ማቀዝቀዙን ያዳክማል እንጂ አያሻሽልም ይላል።

መልሰው። ከመመለስህ በፊት ግን አሮጌው በመጀመሪያው ቀን ለምን እንዳስቸገረህ ማወቅ አለብህ። ጥለኸዋል?


አዴት መንገድ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ጋሼ ካቻቢቴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። እኔ ያለ ቴርሞስታት ስነዳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከባሕር ዳር ሞጣ ስመላለስ አንድ ቀን አልሞቀችም። ከአውሮፓና ከጃፓን ክረምት ጋር እኛን ምን አገናኘን? ባሕር ዳር በመጋቢት 30 ዲግሪ ትገባለች። ሞተር እንዲሞቅ የሚለፋ ዕቃ ከፍሎ መግጠም በግንቦት ጋቢ እንደ መልበስ ነው።


ካቻቢቴ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ልጄ፣ 30 ዲግሪ ለአንተ ሙቀት ነው፤ ለሞተር ብርድ ነው። ሞተር የሚፈልገው 80 እና 90 መካከል ነው። ከ80 ጋር ሲተያይ የባሕር ዳር 30 እና የአውሮፓ 5 ዲግሪ ያን ያህል አይራራቁም፤ ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው።

ያንተ መኪና ምን እንደሆነች አልነገርከንም። ታችኛዋ ሳህን የሌለችባቸው ሞተሮች አሉ። በእነርሱ ላይ ዕቃው ሲወጣ ሞተሩ አይሞቅም፣ ሁልጊዜ በርዶ ይሠራል እንጂ። የበረደ ሞተር ደግሞ አይጮህም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚበላህ። ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ከቃጠሎው የሚወጣው እንፋሎት ዘይቱ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል፣ ሲሊንደሩ ያለ ጊዜው ይበላል። ነገ ጠዋት የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ውስጡን እይ። ቢጫ አረፋ፣ እንደ ማኪያቶ አናት ያለ ነገር ካገኘህ ተመልሰህ ንገረን።


ባለ ሦስት እግር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡41

እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። ውሃ የላት፣ ራዲያተር የላት፣ ቴርሞስታት የላት። በነፋስ ትቀዘቅዛለች። እናንተ ተከራከሩ፣ እኔ ልተኛ ነው።


ጠመኔ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ሙያዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው፣ ሞተር የምፈታ ሰው አይደለሁም። ሆኖም ፎገራ ሜዳ አሮጌውን ዕቃ ይዞት ከሆነ በቤቱ ሊፈትነው ይችላልና አንድ ነገር ላስጠንቅቅ።

ሁሉም ሰው የሚለው «ድስት ውስጥ ጨምረህ አፍላው፣ ካልተከፈተ ተበላሽቷል» ነው። ይህ ምክር የመጣው ውሃ በ100 ዲግሪ ከሚፈላበት፣ ከባሕር ወለል አጠገብ ካለ አገር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቢንተከተክ፣ ከሰል ቢጨመርበት ከዚያ አይዘልም፤ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል እንጂ። ዓባይ በረሃ ታች ቢፈላ 96 ይጠጋል፣ ጎንደር ላይ 93 ያህል።

ይህ ለምን ያስፈልገናል? በቴርሞስታቱ ጠርዝ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ 82፣ 88 ወይም 92 ሊሆን ይችላል። ያ ቁጥር በሩ መከፈት የሚጀምርበት ነው እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበት አይደለም። ሙሉ ለመከፈት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ተጨማሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ 82ቱ በእኛ ድስት ውስጥ ደህና አድርጎ ይከፈታል። ባለ 88ቱ በከፊል ብቻ ይከፈታል። ባለ 92ቱ ደግሞ ጤነኛም ቢሆን ፍንክች ላይል ይችላል። ዘመዴ ከአውሮፓ የመጣች መኪናውን ደህና ዕቃ «ሞቷል» ብሎ የጣለው በዚህ ምክንያት ነው። የሞተው የእርሱ ድስት ነበር።

«እንግዲያው ሞተሩ ውስጥስ ውሃው በ94 አይፈላም ወይ?» የሚል ቢኖር፣ ለዚህ ነው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዘው። ክዳኑ ላይ 0.9 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከውጭው አየር በላይ 0.9 ባር እስኪደርስ አፍኖ ይይዛል ማለት ነው። በዚያ ግፊት የእኛ ውሃ ሳይፈላ እስከ 115 ዲግሪ ያህል ይታገሣል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ያ ሁሉ ይቀርና ወደ 94ቱ እንመለሳለን። ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስታውሰው። በትኩሱ መክፈት ምን እንደሚያመጣም ከዚሁ ይገባችኋል፤ 110 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅለት በአንድ ጊዜ ይፈላና ፊት ላይ ይወጣል።

አፈታተኑ ይኸው። አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ዕቃ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ አንጠልጥል። የየአንዳንዱን በር በጣትህ ከፈት አድርገህ ክር አስገባና ልቀቀው፤ በሩ ክሩን ነክሶ ይይዘዋል። በክሩ አንጠልጥለህ ውሃው ውስጥ አጥልቀው፣ የዕቃውን ወለል ግን አይንካ፣ ወለሉ ከውሃው ይልቅ ይግላልና። በሩ ሲከፈት ክሩን ይለቀዋል፣ ዕቃው ይወድቃል። ቴርሞሜትር ባይኖርህም የትኛው ቀድሞ እንደ ወደቀ ታያለህ።


ሰማያዊ መብራት — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15

ጥያቄ ውስጥ ጥያቄ ላስገባ፣ ይቅርታ። የእኔ ቪትዝ መርፌ የላትም። ስትነሣ ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ስትሞቅ ይጠፋል፣ ከመጠን በላይ ስትሞቅ ቀይ ይበራል ተብያለሁ። ቀዩን አይቼው አላውቅም። ሰማያዊው ግን ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ እንኳ አይጠፋም። ድሮ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነበር። ቤንዚንም እየፈጀች ነው። ይህም ከዚሁ ጋር ይያዛል?


ካቻቢቴ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

እህቴ፣ ያንቺ የፎገራ ሜዳ ተቃራኒ ይመስላል። የእርሱ ተዘግቶ አስቸግሯል፣ ያንቺ ተከፍቶ ቀርቷል። በሩ ስላልገጠመ ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ኮምፒውተሯ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብላ ስለምታስብ ቤንዚን ታበዛለች። ቀይ መብራት ስለማይበራ ሰው ችላ ይለዋል።

ጠዋት ሳትነሣ በፊት ኮፈኑን ክፈችና ራዲያተሩን ዳስሺው። አስነሺና በየደቂቃው ደግመሽ ዳስሺ። ጤነኛ ከሆነ ራዲያተሩ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በኋላ በድንገት ይሞቃል። ካስነሣሽበት ጊዜ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከሞተሩ ጋር እኩል ለብ እያለ ከመጣ በሩ ክፍት ነው። እጅሽንና ነጠላሽን ከፋኑ አርቂ፤ የኤሌክትሪክ ስለሆነ ሳይነግርሽ ይነሣል። በቪትዝ ላይ ዕቃው ያለው በታችኛው ቱቦ በኩል ነው፤ መካኒክ ላይኛው ጋ ቢፈልገው አያገኘውምና ንገሪው።


ፎገራ ሜዳ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡35

ጋሼ ካቻቢቴ፣ መምህር፣ ሁለታችሁም እጃችሁ ይባረክ። አሮጌውን አልጣልኩትም ነበር፤ ከአሮጌ ደረሰኝ ጋር በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ዛሬ አዲስም ገዛሁ። ሻጩ ሦስት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው ምንም ቁጥር የሌለው፣ በጣም ቀላል ነበር። ሁለተኛው 76 ይላል፤ «ለእኛ አገር ይህ ይሻላል፣ ቶሎ ይከፈታል» አለኝ። ሦስተኛው እንደ አሮጌዬ 82 የተቀረጸበት ነው። 82ቱን ያዝኩ። ተሳስቼ ይሆን?

ፈተናውን ግቢ ውስጥ አደረግኩት። ባለቤቴ «ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ) የነካው ነገር ድስቴ ውስጥ አይገባም» ብላ ስለ ከለከለችኝ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው ያፈላሁት። ከሰል አያያዝኩ፣ ሁለቱን በክር በአንድ እንጨት ላይ አንጠለጠልኩ። ልጆቹ ዙሪያዬን ከበቡ። ውሃው ዳር ዳሩን ትናንሽ አረፋ ሲያወጣ አዲሱ ጠብ ብሎ ቆርቆሮው ውስጥ ወደቀ። ታናሽዋ አጨበጨበች። አሮጌው ተንጠልጥሎ ቀረ። ውሃው ተንተከተከ፣ እንፋሎቱ እንጨቱን አረጠበው፣ አሮጌው ግን ክሩን አልለቀቀም። ብዙ ከቆየን በኋላ አውጥቼ በብርሃን ሳየው በሩ የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ተገልጧል፤ ክሩ እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል። በጠርዙም ላይ ጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት ነጭ ቅርፊት አለበት።

ስለዚህ ያን ቀን የሞቀችው ዕቃው ተዘግቶ ስለ ነበር ነው። መካኒኩ ወንጀለኛውን ይዟል፤ ቅጣቱ ላይ ነው የተሳሳተው።


ካቻቢቴ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

አልተሳሳትክም፣ ሻጩን እንኳን አልሰማኸው። 76ቱ ሞተሩን ዳገት ላይ አያድንም። ቀድሞ ይከፈታል እንጂ ከተከፈተ በኋላ ከ82ቱ የበለጠ ውሃ አያሳልፍም። ሁለቱም ወለል ብለው ከተከፈቱ በኋላ ሥራው የራዲያተሩና የፋኑ ነው።

ነጩ ቅርፊት ከውሃው ነው። ምን ነበር የምትሞላው?


ፎገራ ሜዳ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2：12

ያገኘሁትን። የቧንቧ፣ የጉድጓድ፣ አንዳንዴም ወረታ ላይ ረዳቱ በጀሪካን ቀድቶ የሚያመጣውን። ከየት እንደሚቀዳው ጠይቄው አላውቅም።


የደሴት ጀልባ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡18

ውሃ ሲነሣ እኔም ልግባ። ጣና ላይ ሰው አመላልሳለሁ፤ ዘጌ፣ ደብረ ማርያም፣ አንዳንዴም ራቅ ወዳሉት ደሴቶች። የጀልባዬ ሞተር ራዲያተር የላትም፤ ጣና ራሱ ራዲያተሯ ነው። ከታች ሐይቁን ትስባለች፣ በሞተሩ ውስጥ ታዞረዋለች፣ መልሳ ትተፋዋለች። ቴርሞስታት ግን አላት! ይህ ብዙ ሰው ይገርመዋል። የእርሷ የሚከፈተው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ከዚያ በላይ ቢሞቅ ጥሬ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን ተጋግሮ መንገዱን ይደፍናል፤ እናንተ መኪና ላይ ያያችሁት ቅርፊት ማለት ነው።

የእኔ መርፌ በጎኗ የምትፈሰው ቀጭን ውሃ ናት። እየፈሰሰች ከሆነ ሰላም ነው። ከቀጠነች ወይም ከተቋረጠች ሞተር አጠፋለሁ፣ ብዙውን ጊዜ እንቦጭ የሚሉት የውሃ አረም ነው። ሥሩ እንደ ጭራ ተበጣጥሶ የውሃ መሳቢያውን ይሸፍነዋል። በፈረንጆቹ 2011 ላይ ታየ ሲባል እኛ ዳር ያለን ሰዎች አበባው ያምራል ብለን ነበር። ዛሬ በእጄ እየነቀልኩ ነው የምሄደው። አንድ ጊዜ ነፋስ ተነሥቶ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ እኔ ወደ ውሃው ተደፍቼ ሥር ስነቅል አንዲት እናት «አባ፣ ይህ ሞተር በአረም ነው እንዴ የሚሠራው?» አሉኝ።


ጠመኔ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

የደሴት ጀልባ የተናገረው ትክክል ነው። ፎገራ ሜዳ፣ ኩላንት «ውሃ እንዳይረጋ ነው፣ እኛ አገር በረዶ የለም» ብለህ ከተውከው ተሳስተሃል። ውስጡ ያለው መድኃኒት ብረቱንና አሉሚኒየሙን ከዝገት ይጠብቃል፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለህ ሙላው፤ የተቀላቀለውን ከገዛህ ግን ውሃ አትጨምርበት።


ፎገራ ሜዳ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡55

ገጠምኩት። በገዛ እጄ! ጋሼ ካቻቢቴ ትናንት በግል የጻፉልኝን ለሌላውም እንዲጠቅም ከራሴ ጋር እያደባለቅኩ ላውጋችሁ።

ጠዋት ሞተሩ እንደ በረደ የፊቱን መቀመጫ አነሣሁ፤ ሃይስ ሞተሯ ከሥር ነውና። ሰፊ ሳፋ ከራዲያተሩ ሥር አኖርኩና ውሃውን አፈሰስኩ። የወጣው ነገር ቡናማ ነበር፣ የጭቃ ሻይ ይመስላል። ጋሼ አጥብቀው ያሳሰቡኝ አንድ ነገር ስለ ነበር ሳፋውን ወዲያው ከደንኩት፤ ኩላንት ጣፋጭ ነው፣ ውሻም ዶሮም ይጠጣዋል፣ ከጠጣውም ይገድለዋል። ወንዝና ቦይ ውስጥም አይደፋም።

ከዚያ የላይኛውን ቱቦ፣ ማኒኮቶ የምንለውን፣ ፋሼታውን (ቱቦውን የሚያጠብቀውን ቀለበት) አላልቼ ነቀልኩት። አልላቀቅ ብሎኝ ነበር፤ በብሎን መፍቻ፣ በካቻቢቴው ማለቴ ነው፣ ላነሣው ስል ጋሼ «ጎማውን ትቀደዋለህ፣ በእጅህ ጠምዝዘው» ብለውኝ ስለ ነበር ጠመዘዝኩት፣ ለቀቀ። ክዳኑን የያዙት ሁለት ቡሎኖች ናቸው። አንደኛው ዝጎ ስለ ነበር ቅባት አድርጌበት ቡና እስኪፈላ ጠበቅኩት። በግድ ብፈታው ኖሮ ይሰበር ነበር።

በጣም የቆየሁት አሮጌውን ጓርኒሲዮን፣ ውሃ እንዳያፈስ በክዳኑ ሥር የሚደረገውን ማሸጊያ፣ በመፋቅ ነው። የቀድሞው መካኒክ በላዩ ላይ ሲሊኮን ደርቦበት ኖሯል። ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ወተፍኩ፣ ፍርፋሪ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ምላጩን አጋድሜ እየፋቅኩ፣ በጣቴ እየዳሰስኩ፣ አንዲት ጉብታ እንኳን እንዳትቀር አንድ ሰዓት ፈጀሁ። አንገቴ ተጣመመ።

ዕቃው ሲገባ ሞላው ወደ ሞተሩ ነው። በጠርዙ ላይ ደግሞ አንዲት ቀዳዳና በውስጧ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ፒን አለች። እርሷ ወደ ላይ መሆን አለባት፤ አየር የሚወጣው በእርሷ በኩል ነው። እኔ ጌጥ መስላኝ ነበር። ቡሎኖቹን ጥቂት ከዚህ፣ ጥቂት ከዚያ እያልኩ እኩል አጠበቅኳቸው፤ ክዳኑ አሉሚኒየም ስለሆነ በአንድ ወገን ከጠበቀ ይሰነጠቃል።

አየር ማውጣቱ ነው የሚያስቅ። መኪናዋን ወደ ቤዛዊት በሚወስደው ዳገት ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ አቆምኳት፣ የራዲያተሩ አፍ ከሁሉ በላይ እንዲሆን። ጎማውን በድንጋይ ደገፍኩ። ቀስ ብዬ ሞላሁ፣ ክዳኑን ሳልገጥም አስነሣኋት፣ የማሞቂያውን መክፈቻ እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። አላፊ አግዳሚው «ተበላሸችብህ?» ይለኛል። እጄን ቱቦው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ቀዝቃዛ ነው። አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ሞተሩ ሞቋል፣ መርፌው ተነሥቷል፣ ቱቦው ግን ገና ለብ እንዳለ ነው። ልቤ መምታት ጀመረ፤ ይህም ተዘግቶ ቀረ ብዬ። ከዚያ በመዳፌ ሥር ቱቦው ጠንከር አለና ሙቀቱ ወዲያው መጣ፣ እጄን አነሣሁ። ራዲያተሩ አፍ ላይ ውሃው ግልግል ብሎ ሁለት ትላልቅ አረፋ ተፋና ጎደለ። ሞላሁት፣ ክዳኑን ገጠምኩ። አዲስ ክዳን ነው፣ መምህር።

ነገ ጎንደር እሄዳለሁ።


ሰማያዊ መብራት — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡20

እንኳን ደስ አለህ! እኔም ራዲያተሩን ዳስሼ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ለብ ሲል አገኘሁት። መካኒኩ ላይኛው ቱቦ ጋ መፈለግ ሲጀምር «ታችኛው ጋ ነው» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ዕቃው ሲወጣ በሩና ጠርዙ መካከል የሲሊኮን ፍርፋሪ ተሰክቶ ክፍት አስቀርቶት ነበር። ዛሬ መብራቱ ገና ከሰፈሬ ሳልወጣ ጠፋ።


ፎገራ ሜዳ — እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሄጄ ተመለስኩ። ፎገራ ሜዳ ላይ መርፌው ከግማሽ በታች ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ፤ ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን ድረስ እንደ ተቸነከረ ነበር። ጠዋት ነጭ ጭሱ ቶሎ ለቀቀ። ዳገቱን ስጀምር ራዲዮ አጠፋሁ፣ ተሳፋሪ እያወራኝ አልሰማሁም፣ ዓይኔ መርፌው ላይ ነው። ግማሽ ደረሰ፣ ጥቂት አለፈ፣ ሜዳማውን ሲያገኝ ተመለሰ። እንፍራንዝ ስደርስ ቦታው ላይ ነበር።

ሐሰት አልናገርም፤ ስመለስ፣ ሰው ሞልቶ፣ ከኋላ ነፋስ እየነፈሰ፣ አንድ ዳገት ላይ ከግማሽ በላይ ወጥቶ ነበር። ቀዩን ግን አልነካም።


ካቻቢቴ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

ጎበዝ። እንግዲህ የቀረችህ የፋኑ ክላች፣ ፋኑን ከሞተሩ ጋር የምታያይዘው፣ ናት። ሞተሩን አጥፍተህ፣ በደንብ እንደ ሞቀ፣ ፋኑን በእጅህ አሽከርክረው። ትንሽ እየታገለ መዞር አለበት። እንደ ልጅ መጫወቻ ከዞረልህ ውስጡ ያለው ዘይት አልቋል፣ ዳገት ላይ ነፋስ አይሰጥህም። ራዲያተሩንም «አሳጠብኩት» ያልከው ከውጭ ከሆነ አልታጠበም፤ ያ ቡናማ ውሃ ውስጡን ምን እንዳደረገው አስብ። ደህና ጊዜ ስታገኝ አምጣት፣ አብረን እናያለን።


አዴት መንገድ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡50

የዘይት ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ጥቂት ቢጫ ነገር አለ። ብዙ አይደለም።

ፎገራ ሜዳ፣ እነዚያ ሁለት ቡሎኖች ስንት ቁጥር ቁልፍ ናቸው? ልገጥም አይደለም፤ ሥሯ ሳህን ይኑራት አይኑራት አዲስ ገዝቼ ቦታው ላይ ለማስተያየት ብቻ ነው።


ፎገራ ሜዳ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡58

የእኔዎቹ 12 ናቸው። ቅባቱን ማታውኑ አድርግበት፣ ስምንት ዓመት ያልተፈታ ቡሎን ቡና እስኪፈላ አይበቃውም።